አሮጌ ትራክተር ሚስ ሲያደርግ፦ ዕቃ ከመግዛት በፊት ጥፋቱን ማግኘት

ትራክተሩ ይነሳል፤ ድምፁ ግን ልክ አይደለም፤ ሚስ ያደርጋል፣ ማለትም አንዳንድ ምት ይስታል። ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይሰጠው በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ) ይንተፋተፋል፣ ኮፈኑ ይርገፈገፋል፣ ማረሻው መሬት ሲይዝ ደግሞ ጉልበቱ ይከዳል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ መጀመሪያ የሚሮጠው ዕቃ ለመግዛት ነው። ናፍጣ ከሆነ ኢንጀክተር (ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው)፣ ቤንዚን ከሆነ ካንዴላ (ብልጭታ የሚሰጠው) ይቀየራል። አንዳንዴ ይሳካል። ብዙ ጊዜ ግን አዲሱ ዕቃ ገብቶም ሞተሩ እንደነበረው ይቀጥላል፣ ከዚያ የናፍጣ ፖምፓው ይወርዳል፣ ከዚያ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይከፈታል፣ መጨረሻ ላይ የነገሩ ሁሉ ምክንያት ፊልትሮው አጠገብ የላላች አንዲት ዳዶ ሆና ትገኛለች።

ስለዚህ ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ መልሱ። የማይሰራው ሲሊንደር የትኛው ነው? ሚስ የሚያደርገውስ መቼ ነው? እነዚህ ሁለቱ ከተመለሱ የቀረው ሥራ ግማሽ ነው። ካልተመለሱ ግን የምታደርጉት ሁሉ ግምት ነው፤ ግምት ደግሞ ውድ ነው።

መጀመሪያ ራሳችሁን ጠብቁ

ይሄን ክፍል ዘላችሁ እንዳትሄዱ። ትራክተሩን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ከጎማው ፊትና ኋላ ድንጋይ ወይም ግንድ አድርጉ፣ ማርሹ ነፃ ይሁን፣ ፒቲኦው (ለማሽን ኃይል የሚሰጠው ዘንግ) ይለቀቅ። ሞተሩ እየሠራ ስለምትመረምሩ ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ረጅም እጅጌ፣ የተለቀቀ ፀጉር ከቬንቲሌተሩና ከቺንጋው መራቅ አለበት። ቤት ውስጥ ከሆነ በር ይከፈት፤ የቤንዚን ሞተር ጭስ ሽታው ሳይሰማ ይገድላል።

የናፍጣ ሞተር ላይ ደግሞ አንድ የተለየ አደጋ አለ። ከፖምፓው ወደ ኢንጀክተር የሚሄደው ቀጭን የብረት ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት በአሮጌ ሞተር እንኳ ከ150 ባር በላይ ነው። ከዚያ በቀጭኑ የሚረጭ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ በመርፌ የተወጋ ነው የሚመስለው፣ መጀመሪያ ላይ ብዙም ላያም ይችላል፤ ውስጥ ውስጡን ግን ሥጋውን ያበላሸዋል። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ «ነገ እናየዋለን» የሚባል ነገር የለም፣ ወዲያው ሆስፒታል። ቱቦ የሚያንጠባጥብበትን ቦታ በጣት አትፈልጉ፤ ቁራጭ ካርቶን አስጠጉና ካርቶኑ ሲረጥብ እዩ። መነጽርና ወፍራም ጓንት አድርጉ።

ከዚህ በታች ያለው ቱቦ እያላሉ የመመርመር ዘዴ ለአሮጌው ሜካኒካል ፖምፓ ብቻ ነው። በኮምፒውተር የሚታዘዝ ኮመን ሬል (ሁሉም ኢንጀክተሮች የሚጋሩት ከፍተኛ ግፊት ያለው የነዳጅ ቱቦ) ያለው አዲስ ትራክተር ላይ አትሞክሩት። እዚያ ግፊቱ ከ1000 ባር በላይ ነው።

ዝም ብላችሁ ስሙት

ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሱና ከማርሚታው አጠገብ ቁሙ። ሚስ የሚያደርገው በልክ ነው ወይስ እንደመጣለት? በተመሳሳይ ምት፣ እንደሚያነክስ ፈረስ አንዷን እርምጃ እየሳተ የሚሄድ ከሆነ አንድ ሲሊንደር አይሠራም ማለት ነው። አንዴ ደህና ሆኖ፣ አንዴ ተርገፍግፎ፣ አንዴ ሊጠፋ ደርሶ የሚመለስ ከሆነ ግን ጥፋቱ ሁሉም ሲሊንደሮች የሚጋሩት ቦታ ላይ ነው። ናፍጣ ላይ አየር ወይም የተዘጋ ፊልትሮ፣ ቤንዚን ላይ ኮይል (የብልጭታውን ኃይል የሚያመነጨው)፣ ፑንቲና (ኤሌክትሪኩን የሚከፍትና የሚዘጋው) ወይም ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ጠርጥሩ።

ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ ሰዎች ከሚስ ጋር ያምታቱታል። ሞተሩ ምት ሳይስት ዙሩ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ይሄ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከገቨርነሩ (ዙሩን ከሚቆጣጠረው ክፍል)፣ ወይም ነዳጅ መስጫው ላይ ከዛገ ዘንግና ከላላ ስፕሪንግ ነው። ኢንጀክተር ብትቀይሩለት አይድንም። ሌላም ልብ በሉ፦ ባለ 3 ሲሊንደር ሞተር፣ ለምሳሌ የማሴ ፈርጉሰን 135 ፐርኪንስ፣ ጤነኛ ሆኖም ሚኒሞ ላይ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ከባለ 4 ጋር እያነጻጸራችሁ አትፍረዱበት።

ቀጥሎ «መቼ?» የሚለው። ጠዋት ብቻ ሚስ አድርጎ ሲሞቅ የሚስተካከል ናፍጣ ወይ ሌሊት አየር ስቧል፣ ወይ አንዱ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (አየር የማመቅ ኃይል) ደክሞታል። ሲሞቅ ብቻ የሚጀምር ቤንዚን ኮይሉን ወይም ኮንደንሰሩን (ፑንቲናውን ከመቃጠል የሚጠብቀውን) ፈትሹለት። ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ሥራ ሲበዛበት ብቻ የሚንተፋተፍ ነዳጅ አንሶታል፣ ቤንዚን ከሆነ ደግሞ ብልጭታው ደክሟል። በተቃራኒው ሚኒሞ ላይ ብቻ ከሆነ የቫልቭ ክፍተት፣ የማኒፎልድ አየር መሳብ፣ የካርቡሬተር ሚኒሞ ቀዳዳ።

ጭሱንም እዩ። ናፍጣ ላይ ነጭ፣ ዓይን የሚያቃጥልና ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ጭስ ከወጣ ነዳጁ ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቷል፣ ግን አልነደደም። ሚስ እያደረገ ምንም ነጭ ጭስ ከሌለ ደግሞ ወደዚያ ሲሊንደር ነዳጅ መድረሱ ራሱ ያጠራጥራል። ይቺ ልዩነት ብዙ ልፋት ትቆጥባለች። ነጭ ሆኖ ጣፋጭ ጣፋጭ የሚሸት ከሆነ የራዲያተር ውኃ እየገባ ይሆናል። ጥቁር ነዳጅ በዝቷል ወይም አየር አንሷል፤ የአየር ፊልትሮውን ያላየ ሰው ስለ ጥቁር ጭስ ባያወራ ይሻላል። ሰማያዊ ዘይት ነው።

የትኛው ሲሊንደር? (ናፍጣ)

ቀላሉ መንገድ ሙቀት ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቃዛ እያለ አስነሱትና በመጀመሪያዎቹ 1 ወይም 2 ደቂቃዎች ውስጥ የጭስ ማስወጫ ማኒፎልዱ ላይ እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚገናኝበትን ቦታ ለኩ። በርቀት የሚለካ ቴርሞሜትር ካለ ጥሩ፤ ከሌለ ጣታችሁን ውኃ ነክራችሁ ጠብታ አድርጉበት። የሚሠሩት ሲሊንደሮች ላይ ጠብታዋ ቶሎ ትተናለች፣ የሞተው ላይ ትቆያለች። ዘግይታችሁ ከሆነ ሙቀቱ በብረቱ ውስጥ ስለሚዳረስ ልዩነቱ ይጠፋል፤ እንዲቀዘቅዝ ጠብቃችሁ ድገሙት።

ከዚያ ማረጋገጫው። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እየሠራ ኢንጀክተሩ ላይ ያለችውን የቱቦ ዳዶ በጨርቅ ሸፍናችሁ ከግማሽ እስከ 1 ዙር አላሉ። አንድ በአንድ ብቻ፤ አንዱን ሳታጠብቁ ሌላውን አትንኩ። ቱቦው እንዳይጠመዘዝ የኢንጀክተሩን ወገን በሌላ ቁልፍ ያዙ። ስታላሉት የሞተሩ ድምፅ ከተቀየረ፣ ዙሩ ከወረደ፣ ያ ሲሊንደር እየሠራ ነበር። ምንም ለውጥ ከሌለ አገኛችሁት። ሁሉም ላይ ለውጥ ኖሮ አንዱ ላይ ግን ደከም ካለ፣ እሱ ግማሽ እየሠራ ነው ማለት ነው፤ በጽሑፍ ያዙት።

አሁን በላላችው ዳዶ በኩል የሚወጣውን እዩ፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። በምት በምት ጥሩ ናፍጣ እየወጣ ሲሊንደሩ ካልሠራ ፖምፓው ሥራውን ሠርቷል። ጥፋቱ ወደ ኢንጀክተሩ ወይም ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ነው። አረፋ ያለው ናፍጣ ከወጣ አየር አለ። ምንም ካልወጣ ወይም ከሌሎቹ በጣም ካነሰ ወደ ፖምፓው ተመለሱ።

እዚህ ላይ የፖምፓውን ዓይነት ማወቅ ይጠቅማል። ኤምቲዜድ ትራክተር ላይ እንዳለው በረድፍ የተሠራ ፖምፓ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ፕለንጀር (ናፍጣውን የሚገፋ ዘንግ) አለው። ስለዚህ አንዱ ፕለንጀር ተጣብቆ ወይም ዴሊቨሪ ቫልቩ ቆሽሾ አንድ ሲሊንደር ብቻ ሊሞት ይችላል። በብዙ ማሴ ፈርጉሰኖች ላይ ያለው ክብ የሲኤቪ ዲፒኤ ፖምፓ ግን በአንድ የመግፊያ ክፍል ነው ለሁሉም እያዞረ የሚያድለው። ያ ክፍል ቢያልቅ ሁሉም ሲሊንደሮች ይደክማሉ እንጂ አንዱ ብቻ ተለይቶ አይሞትም። ስለዚህ እንዲህ ባለ ትራክተር ላይ አንድ ሲሊንደር ሲሞት «ፖምፓው ይውረድ» የሚላችሁ ሰው ቢያንስ ቱቦው መታፈን አለመታፈኑን ፈትቶ ማየቱን፣ ኢንጀክተሩንም መፈተሹን ጠይቁት።

የሞተ ሲሊንደር እየያዘ ትራክተሩን ለቀናት ማሠራት አይመከርም። ያልነደደው ናፍጣ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን አጥቦ ወደ ታች ይወርዳል።

ኢንጀክተሩን ከጎረቤቱ ጋር አቀያይሩ

የሞተውን ሲሊንደር ኢንጀክተር አውጡና ደህና ከሚሠራው ጋር ቦታ አለዋውጡ። ምንም ወጪ የለውም። ጥፋቱ ኢንጀክተሩን ተከትሎ ከሄደ ኢንጀክተሩ ነው። እዚያው ከቀረ ኢንጀክተሩ ነፃ ወጣ፣ ኮምፕሬሽን ወይም የነዳጅ አቅርቦት ይቀራል። ያለ ምንም መሣሪያ ይህን ያህል ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጥ ፈተና ብዙ የለም፣ ሆኖም ሰው ለምን እንደሚዘለው አይገባኝም።

ስታወጡት ግን በጥንቃቄ። መጀመሪያ ዙሪያውን በብሩሽና በናፍጣ አጽዱ፤ አንዲት የአሸዋ ፍሬ ቀዳዳው ውስጥ ከወደቀች ሌላ ጣጣ ነው። ኢንጀክተሩ ሲወጣ ከሥሩ ያለችው የመዳብ ሮንዴላ አብራው መውጣቷን ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ ቀዳዳው ውስጥ ተጣብቃ ትቀራለች፤ ሰው ሳያያት አዲስ ይደርብባታል፣ ኢንጀክተሩ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ኮምፕሬሽን በጎን ያመልጣል። ስትመልሱ አዲስ ሮንዴላ ተጠቀሙ፤ ሁለቱን ዳዶዎች እያፈራረቃችሁ እኩል አጥብቁ፣ አንዱን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ኢንጀክተሩን ያጣምመዋል። የተፈቱ ቱቦዎችን አፍ በንጹሕ ፕላስቲክ ሸፍኑ።

ኢንጀክተሩ ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ ለመፈተሻ ማሽን ላኩት። ማሽኑ ላይ የሚታየው ሦስት ነገር ነው፦ የሚከፈትበት ግፊት ከማኑዋሉ ጋር ይስማማል ወይ፣ ናፍጣውን እንደ ጉም ይበትነዋል ወይስ እንደ ሽንት ያፈሰዋል፣ ከረጨ በኋላ ጫፉ ደረቅ ነው ወይስ ያንጠባጥባል። ብዙ ጊዜ ኖዝሉን ብቻ ቀይሮ ግፊቱን ማስተካከል ይበቃል። ጫፉን በሽቦ ብሩሽ ወይም በመርፌ መጎርጎር ግን እባካችሁ ይቅር። ቀዳዳው ሰፋ ማለት ኖዝሉ አለቀ ማለት ነው።

ሚሱ ልክ የሌለው ከሆነ፦ ከታንከር እስከ ፖምፓ

አሮጌ ናፍጣ ትራክተር ላይ ብዙውን ጥፋት የምታገኙት እዚህ ነው፤ ክፉው ነገር ደግሞ ዓይን አያየውም። ከታንከሩ እስከ መሳቢያ ፖምፓው ያለው መስመር የሚሠራው በመሳብ ነው። እዚያ ላይ የላላ ቦታ ካለ ሞተሩ ሲሠራ ናፍጣ ወደ ውጭ አያንጠባጥብም፣ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ «ምንም አያፈስም» ማለት «ደህና ነው» ማለት አይደለም።

ከታንከሩ ጀምሩ። የታንከሩ ክዳን አየር ማስገቢያ ቀዳዳ አለው፤ በአቧራና በጭቃ ሲደፈን ታንከሩ ውስጥ ባዶነት ይፈጠርና ናፍጣው መምጣት ያቆማል። ትራክተሩ ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ጉልበት ካጣ ክዳኑን አላልታችሁ ሞክሩ። «እስስ» ብሎ አየር ከሳበና ሞተሩ ከተስተካከለ ምርመራው አለቀ። ካልሆነ ታንከሩ መውጫ ላይ ያለችውን ወንፊት፣ ከዚያ ዝቃጭ የሚጠራቀምባትን የብርጭቆ ሳህን እዩ። ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፣ ተለይቶ ይታያል። የብርጭቆዋ ጎማ ደርቆ ከተሰነጠቀ አየር የሚገባው በሱ ነው። ፊልትሮው መቼ እንደተቀየረ የማታስታውሱ ከሆነ ቀይሩት።

መስመሩን በሙሉ ከጨዋታው ማስወጣት ከፈለጋችሁ ደግሞ እንዲህ አድርጉ። ንጹሕ ጀሪካን ላይ ንጹሕ ናፍጣ ቀድታችሁ ከሞተሩ ከፍ ባለ ቦታ በደንብ አስሩ፣ በተለየ ቱቦ በቀጥታ ወደ ፊልትሮው መግቢያ አገናኙ፣ አየሩን አውጡና አስነሱ። ሚሱ ከጠፋ ጥፋቱ ከታንከሩ እስከ ፊልትሮው ባለው መንገድ ላይ ነው፣ መሳቢያ ፖምፓውንም ይጨምራል። ካልጠፋ ከዚያ በኋላ ያለውን ፈልጉ። ለጊዜው ቁራጭ ግልጽ ፕላስቲክ ቱቦ ከፖምፓው መግቢያ በፊት ብትገጥሙም አረፋ ሲያልፍ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ፕላስቲኩ ለምርመራ ብቻ ነው፤ ናፍጣና ሙቀት ስለሚያበላሹት እዚያው አትተዉት።

አየር ማስወጣት ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ፊልትሮው ላይ ያለችውን የአየር መውጫ ቡሎን አላሉና መሳቢያ ፖምፓውን በእጅ ምቱ፤ አረፋ የሌለው ናፍጣ ሲመጣ አጥብቁ። ቀጥሎ ዋናው ፖምፓ ላይ ያሉትን። ዲፒኤ ፖምፓ ከሆነ አንዷ ጎኑ ላይ፣ አንዷ ከላይ የገቨርነሩ ክዳን ላይ ናት፤ የላይኛዋን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። የእጅ ፖምፓው አልንቀሳቀስ ካለ ተበላሽቷል ብላችሁ አትፍቱት። ውስጥ ያለው ካም ዘንጉን ገፍቶ ይዞት ይሆናል፤ ሞተሩን አንድ ዙር አዙሩና እንደገና ሞክሩ። መጨረሻ ላይ የኢንጀክተሮቹን ዳዶዎች አላሉ፣ ማጥፊያው ወደ ሥራ ቦታው መመለሱን እዩ፣ ጋዙን ሙሉ ስጡ፣ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) አዙሩ። ናፍጣ እየዘለለ ሲወጣ አንድ በአንድ አጥብቁ። ሞተሪኖውን ከ15 ሰከንድ በላይ አታስጩኹት፤ አሳርፉት።

አየሩን አውጥታችሁ ለጊዜው ከተስተካከለና በማግሥቱ ከተመለሰ አየሩን አወጣችሁ እንጂ የሚገባበትን ቦታ አላገኛችሁም። የመዳብ ሮንዴላዎቹን ቀይሩ፣ የጎማ ቱቦውን ጫፍ ጫፉን ቆርጣችሁ አዲስ ክላምፕ አድርጉ።

ቤንዚን ከሆነ

መርሁ ያው ነው፣ አንድ በአንድ ሲሊንደሩን ማጥፋት። የካንዴላ ሽቦ በባዶ እጅ እየነቀላችሁ አትፈልጉ፤ ይመታችኋል። እጀታው ጤነኛ የፕላስቲክ በሆነ ካቻቢቴ የካንዴላውን ጫፍ ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኙት። ብረቱ መጀመሪያ የሞተሩን አካል ይንካ፣ ከዚያ ካንዴላውን። ካርቡሬተሩ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ይህን ሙከራ ጨርሶ አትጀምሩ፣ መጀመሪያ እሱን አድርቁ። ማግኔቶ (ያለ ባትሪ ብልጭታ የሚያመነጭ ዕቃ) ያለው ትራክተር ላይ ሽቦውን ነቅሎ በአየር ላይ መተው ማግኔቶውን ራሱ ሊጎዳ ይችላል፤ ብልጭታው መውጫ ሲያጣ የውስጡን ሽቦ ሽፋን ይበሳል። ሁልጊዜ ወደ ብረት ይገናኝ።

የሞተውን ካገኛችሁ ካንዴላውን አውጥታችሁ እዩት። ቡናማ ፈካ ያለ ከሆነ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን በዝቷል፤ በቤንዚን የረጠበ ብልጭታ የለም፤ በዘይት የራሰ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጋይድ አልቋል፤ በጣም የነጣ አየር በዝቷል ወይም ሙቀት በዝቷል። ከጎረቤቱ ጋር አቀያይሩት። ጥፋቱ ከሄደ ካንዴላ፣ ካልሄደ ሽቦውን አቀያይሩ።

ካንዴላውን ብረት ላይ አስተኝታችሁ ብልጭ አለ ብላችሁ ግን ብዙ አትተማመኑ። ውጭ አየር ላይ መብለጭ ቀላል ነው፤ ሲሊንደር ውስጥ በታመቀ አየር መሃል ግን ደካማው ብልጭታ ይሸነፋል። ከ5 እስከ 6 ሚሊሜትር ክፍተት ዘሎ ሰማያዊና ወፍራም ብልጭታ መስጠት ከቻለ ደህና ነው። ቀጭንና ቢጫ ከሆነ ወደ ኋላ ሂዱ። ሙከራውን ክፍት ከሆነ የካንዴላ ቀዳዳና ከቤንዚን አርቃችሁ አድርጉት።

ወደ ኋላ ስትሄዱ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ክፈቱ። ውስጡን በደንብ ብርሃን አብርታችሁ እዩ፤ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቁር መስመር ካለች ብልጭታው በሷ እየሾለከ ነው፣ ክዳኑ ይቀየራል። ፑንቲናው ፊቱ ከተቃጠለ ወይም ከተቆፈረ ለጊዜው በጥሩ ሞረድ ይስተካከላል፣ ለዘለቄታው ግን ይቀየር። ክፍተቱን ማኑዋሉ እንደሚለው አድርጉ፤ ብዙ አሮጌ ሞተሮች ላይ ከ0.30 እስከ 0.50 ሚሊሜትር ነው። በአዲስ ፑንቲና ላይ አሮጌ ኮንደንሰር ትቶ መሄድ ቁጠባ አይደለም፤ ፑንቲናውን መልሶ ያቃጥለዋል። ማታ ጨለማ ውስጥ ሞተሩን አስነስታችሁ ኮፈኑን ብትከፍቱ ደግሞ ከተሰነጠቀ ሽቦ ወደ ብረት የሚዘልለውን ብልጭታ በዓይናችሁ ታገኙታላችሁ።

ሚሱ የመጣው ሽቦ ከተነካካ በኋላ ከሆነ የማቀጣጠያ ተራውን ፈትሹ። ፈርጉሰን ቲኢ20 1-3-4-2 ነው፣ ፎርድ 8ኤን ግን 1-2-4-3። ሁለቱም ባለ 4 ሲሊንደር ናቸው፣ ተራቸው ግን ይለያያል። «ሁሉም ያው ነው» ብሎ ማያያዝ ቀን ሙሉ ያደክማል።

ብልጭታው ደህና ከሆነ ካርቡሬተር። የታችኛዋን ሳህን አውርዱ፤ ውኃና ዝገት ካለባት ዋናው ጄት ውስጥም አለ። ጄቱን በአየር ንፉ፣ በሽቦ አትቦርቡሩ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከደከሙ አንድ የአየር መግቢያ የሚጋሩ መሆናቸውን እዩ፤ እዚያ ያለ የማኒፎልድ ጋስኬት ከለቀቀ ሁለቱንም ያደክማል።

ነዳጁም ብልጭታውም ደህና ከሆነ

ያኔ ጉዳዩ ቫልቭ ወይም ኮምፕሬሽን ነው። የሮከሩን (ቫልቭ የሚገፋውን ክንድ) ክዳን መክፈት ቀላል ሥራ ስለሆነ ከዚያ ጀምሩ። ክዳኑን አንስታችሁ ሞተሩን በእጅ እያዞራችሁ እዩ። አንዱ ሮከር ከሌሎቹ ያነሰ ከተንቀሳቀሰ ካሙ አልቋል ወይም ፑሽ ሮዱ (ሮከሩን የሚገፋው ዘንግ) ታጥፏል። አንዱ ቫልቭ ወርዶ ካልተመለሰ ተጣብቋል፤ ረጅም ጊዜ ቆሞ የከረመ ትራክተር ላይ ይህ የተለመደ ነው። ግንዱ ላይ ዘልቆ የሚገባ ዘይት አድርጋችሁ ቀስ በቀስ ታላቅቁታላችሁ።

ክፍተቱን ለመለካት ሁለቱም ቫልቮች የተዘጉበትን ቦታ ማግኘት አለባችሁ። 1-3-4-2 ተራ ባለው ሞተር 1 እና 4፣ 2 እና 3 ጥንድ ናቸው። 4ኛው ላይ አንዱ ቫልቭ ሲዘጋ ሌላው ሲከፈት 1ኛው ለመስተካከል ዝግጁ ነው፤ እንዲሁ እያላችሁ ቀጥሉ። ባለ 3 ሲሊንደር ላይ ጥንድ የለም፣ የአየር ማስገቢያ ቫልቩ ከተዘጋ በኋላ ከግማሽ ዙር ትንሽ ያነሰ አዙራችሁ ለኩ። ቁጥሩን ከማኑዋሉ ውሰዱ፣ የሚለካው ሞተሩ ሲሞቅ ነው ወይስ ሲቀዘቅዝ የሚለውንም ጭምር።

ኮምፕሬሽን ያለ መሣሪያ ለመገመት ናፍጣውን ዝጉና (ቤንዚን ከሆነ ብልጭታውን አጥፉና) ሞተሪኖውን አዙሩ። ጤነኛ ሞተር እኩል እኩል ያቃስታል። ደካማ ሲሊንደር ላይ ሲደርስ ሞተሪኖው ሸክም እንደወረደለት ቶሎ ያልፋል። በመሣሪያ ከለካችሁ የቤንዚን መለኪያ ናፍጣ ላይ አትግጠሙ፤ የናፍጣ ሞተር ከ20 እስከ 30 ባር ስለሚሰጥ መለኪያውን ያበላሸዋል። ከቁጥሩ መጠን ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት እዩ። አንዱ ብቻ በጣም ካነሰ ያ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ካነሱ በመሃላቸው ያለው የቴስታታ ጋስኬት ተቃጥሏል፤ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ካለ ወይም ዘይቱ ወተት ከመሰለ ነገሩ ተረጋገጠ።

ቤንዚን ሞተር ላይ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ እንደገና ለኩ። ከጨመረ ፋሻ፣ ካልጨመረ ቫልቭ ወይም ጋስኬት። ናፍጣ ላይ ይህን አታድርጉ። ፒስተኑ ላይ ያለው ቦታ በጣም ጠባብ ስለሆነ ዘይቱም ሊታመቅ ስለማይችል የፒስተኑን ዘንግ ያጎብጠዋል።

ከተስተካከለ በኋላ

የዘይት ዲፕስቲኩን አውጡና አሽቱት። ናፍጣ ወይም ቤንዚን ከሸተተ፣ ወይም መጠኑ ሳትጨምሩበት ከፍ ካለ፣ ዘይቱ ቀጥኗል ማለት ነውና ከፊልትሮው ጋር ይቀየር። የናፍጣ ትራክተር ላይ ኢንጀክተሩ ተስተካክሎም መጠኑ መጨመሩን ከቀጠለ የመሳቢያ ፖምፓው ዲያፍራም ተቀዶ ናፍጣውን ወደ ዘይቱ እየለቀቀ ይሆናል። ከዚያ ትራክተሩን ከባድ ሥራ ላይ ለተወሰነ ሰዓት አሠሩት፣ አጥፍታችሁ የነካካችኋቸውን ዳዶዎች ሁሉ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ እንደገና አስነሱና በካርቶን ፈትሹ። እርጥብ የሆነች ካለች ሞተሩን አጥፍታችሁ አጥብቋት።